የንጉሥ ኢዛና ታሪክ

ከሰከላ፥ ከግሽ ተራራ ሥር የሚመነጨው ውኃ ጣናን ዐልፎ፥ ጎጃምን እንደ መቀነት ከዞረ በኋላ፥ የቡሬውን ፈጣምን፥ የፍኖተ ሰላሙን ብርን፥ ሌሎቹንም ወንዞቻችንን ተቀብሎ ወደ ሱዳን ሜዳ ይወርዳል። ካርቱም ላይ ከነጭ ዐባይ ጋራ ከተቀላቀለ በኋላም ወደ ሰሜን ሲሄድ፥ ከሰሜኑ ተራሮቻችን የሚወርደው ተከዜ ይገናኘዋል። በዚያ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ላይ፥ ዛሬ ከሺሕ ስድስት መቶ ዓመት በላይ ይሆነዋል፥ አንድ የአክሱም ንጉሥ ከሠራዊቱ ጋራ ደርሶ መንበር ተክሏል። በየክረምቱ ከማሳችን ታጥቦ የሚሄደው ቀይ አፈር በዚያ መንበር አጠገብ ያልፍ ነበር ማለት ነው። የንጉሡም ስም ኢዛና ነው።

ኢዛና በቤተ ክርስቲያናችን ዘንድ ይበልጥ የሚታወቀው በሌላ ስም ነው። አብርሃ ወአጽብሐ እየተባሉ የሚታሰቡት ሁለቱ ወንድማማች ነገሥታት፥ ብዙዎች የታሪክ ሊቃውንት እንደሚሉት፥ በድንጋይ ላይ ኢዛናና ሳይዛና ተብለው የተጻፉት ናቸው። ስለ አብርሃ ወአጽብሐ ከአባቶች ሲነገር የኖረውን አንባቢው ሁሉ ያውቃልና እዚህ መድገም አያስፈልግም። እኔ ለማቅረብ ያሰብሁት ንጉሡ ራሱ ካስቀረጻቸው ድንጋዮች፥ ካሳተማቸው ገንዘቦችና ከውጭ አገር ጸሐፊዎች የሚገኘውን ነው፤ ዓመታቱንም የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ይህን ለማድረግ ያነሣሣኝ ምክንያት አለ። የቅኔ ተማሪዎች፥ ንጉሡ ካመነ በኋላ መዝመቱን ትቶ ነበር ወይስ አልተወም እያሉ ሲከራከሩ ሰምቻለሁ። መልሱ በድንጋዮቹ ላይ ይገኛል፤ ነገር ግን እንደምንመኘው ቀላል መልስ አይደለም።

አስቀድሞ አክሱም እንዴት ያለች አገር እንደ ነበረች ማወቅ ይገባል። ከተማ በአንድ ቀን አይቆምም፤ መንግሥትም እንዲሁ። በኦሪት ዘፍጥረት ዐሥረኛው ምዕራፍ የናምሩድ ግዛት መጀመሪያ ሆነው ከተቈጠሩት የሰናዖር ከተሞች አንዲቱ ኦሬክ፥ በዛሬው ኢራቅ ውስጥ ተቈፍራ ተገኝታለች። ከክርስቶስ ልደት በፊት ከሦስት ሺሕ ዓመት አስቀድሞ ታላቅ ከተማ ነበረች። ገበሬው በኤፍራጥስ መስኖ አርሶ ያተረፈው እህል በቤተ ጣዖቱ ጎተራ ይከማች ነበር፤ ጸሐፊውም የገባውንና የወጣውን በጭቃ ጽላት ላይ ይመዘግብ ነበር። እኛ ጽሕፈትን ከመጻሕፍት ጋራ ብቻ አስተባብረን ስለምናስብ ይደንቀን ይሆናል እንጂ፥ በዚያ አገር ጽሕፈት የተጀመረው ለእህልና ለከብት ቍጥር ነው። በሰናዖር ምድር እያንዳንዲቱ ከተማ የራስዋ ንጉሥ፥ የራስዋ ጣዖት፥ የራስዋ ቅጥር ነበራት፤ ስለ ውኃና ስለ ድንበርም እርስ በርሳቸው ይዋጉ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2300 ዓመት ገደማ የአካዱ ሳርጎን ሁሉንም በጦር አስገብሮ አንድ ሰፊ መንግሥት አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ በየአገሩ የተነሡት ታላላቅ ነገሥታት የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

ቡሬን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ለመረዳት ወደ ሰናዖር መሄድ አያሻውም። ከደጋው ገብስ፥ ከወይና ደጋው ጤፍና በቆሎ፥ ከቆላው በርበሬና ሰሊጥ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። በአባቶቻችን ዘመን ደግሞ አሞሌ ጨው ከሰሜን ይመጣ፥ ወርቅና የዝሆን ጥርስ ከዐባይ ማዶ ይሻገር ነበር። ሲራራ ነጋዴ በሚያድርበት ስፍራ ኬላ ይቆማል፤ ኬላ ባለበት ቀረጥ አለ፤ ቀረጥ ባለበት ሹም፥ ዳኛና ወታደር ይሰበሰባሉ። አክሱምም እንዲሁ ነው የተነሣችው።

ከአክሱም በፊት በይሓ ታላቅ ሥልጣኔ ነበረ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተሠራው ቤተ ጣዖት ግድግዳው እስከ ዛሬ አልፈረሰም። አክሱም ግን የተነሣችው ኋላ ነው። በ1ኛው መቶ ዓመት አንድ የጽርእ ነጋዴ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ሕንድ ንግድ በጻፈው መጽሐፍ፥ ከአዱሊስ ወደብ እስከ አክሱም የስምንት ቀን መንገድ መሆኑን፥ ከዐባይ ማዶ የሚመጣው የዝሆን ጥርስ ሁሉ በአክሱም ተሰብስቦ ወደ ወደቡ እንደሚወርድ አስረድቷል። የዚያን አገር ንጉሥ ዞስካሌስን ለገንዘቡ ስስታም፥ በሌላው ነገር ግን ጨዋና የጽርእን ጽሕፈት ያወቀ ነው ይለዋል። ነጋዴ ንጉሥን ስስታም ካለው ቀረጡ ከብዶበት ሳይሆን አይቀርም። በ3ኛው መቶ ዓመት የፋርሱ መናፍቅ ማኒ የዓለምን ታላላቅ መንግሥታት አራት ናቸው ብሎ ሲቈጥር፥ አክሱምን ከሮምና ከፋርስ ጋራ አስተካክሎ አኑሯታል። በዚያው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ንጉሥ እንዱቢስ በስሙ የወርቅ ገንዘብ አሳተመ፤ በዚያ ዘመን የራሳቸውን ወርቅ ያትሙ የነበሩ መንግሥታት በጣት የሚቈጠሩ ነበሩ። በገንዘቡ ላይ ከንጉሡ ራስ በላይ የጣዖት አምልኮ ምልክት የሆኑት ፀሐይና ጨረቃ ተቀርጸዋል፤ በግራና በቀኝ ደግሞ የስንዴ ዛላ አለ። የነገሥታቱንም መቃብር ለማክበር ከአንድ ድንጋይ የተጠረቡ ሐውልቶች ይቆሙ ነበር፤ ከሁሉ የሚበልጠው 33 ሜትር ያህል የሚረዝምና ከ500 ቶን የማያንስ ሲሆን፥ ዛሬ ወድቆና ተሰባብሮ ይታያል።

ኢዛና የተወለደው በዚህ መንግሥት ውስጥ ነው። አባቱ እለ ዓሚዳ እንደ ነበረ በድንጋዮቹ ላይ ጽፎታል። አባቱ ሲሞት እርሱ ገና ልጅ ነበር። የልጅነቱን ታሪክ የምናገኘው በ4ኛው መቶ ዓመት ይኖር ከነበረው ከሩፊኖስ ነው፤ ሩፊኖስም የሰማው ነገሩን በዓይኑ ካየው ከኤዴስዮስ ነው።

ኤዴስዮስና ፍሬምናጦስ የጢሮስ ሰዎች ነበሩ። ጢሮስ በባሕር ንግድ የገነነች፥ ንጉሥዋ ኪራም ለሰሎሞን ዝግባ የላከላት ጥንታዊት ከተማ ናት፤ በዚህ ጊዜ ግን ከሮም ግዛት በታች ነበረች። ሜሮጵዮስ የተባለ ፈላስፋ ዘመዶቹ የሆኑትን እነዚህን ሁለት ብላቴኖች ይዞ ሩቅ አገር ለማየት በመርከብ ሄደ። ሲመለሱ ውኃና ስንቅ ፈልገው ወደ ወደብ ጠጉ። በዚያ ወራት የአገሩ ሰዎች ከሮማውያን ጋራ የነበራቸው ውል ፈርሶ ነበርና በመርከቡ የነበሩትን ሁሉ ገደሉ። ሁለቱ ልጆች ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ትምህርታቸውን ሲያጠኑ ስለ ተገኙ ታዝኖላቸው ለንጉሡ ተወሰዱ። ኤዴስዮስ ጠጅ አሳላፊ ሆነ፤ ፍሬምናጦስ አስተዋይነቱ ታይቶ የንጉሡ ግምጃ ቤትና የደብዳቤው ኀላፊ ተደረገ። ንጉሡ ሊሞት ሲል ነጻ አወጣቸው። ንግሥቲቱ ግን ልጅዋ እስኪያድግ ድረስ መንግሥቱን አብረዋት እንዲጠብቁ ለምና አስቀረቻቸው።

እንግዲህ ለቤተ ክርስቲያናችን ትልቅ የሆነው ሥራ የተጀመረው በግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ፍሬምናጦስ ለንግድ ከመጡት ሮማውያን መካከል ክርስቲያኖች የሆኑትን እየፈለገ፥ የሚጸልዩበት ስፍራ እንዲያበጁ ፈቀደላቸው፤ የሚያስፈልጋቸውንም ሰጣቸው። ሌላው ሹም ነጋዴን የሚመለከተው ስለ ቀረጡ ነው፤ እርሱ ግን የሚጸልይበት ጥግ ያለው መሆኑን ይጠይቀው ነበር። ኢዛና ለመንግሥት በደረሰ ጊዜ ሁለቱ አደራቸውን አስረክበው ሄዱ። ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆነ። ፍሬምናጦስ ግን እስክንድርያ ወርዶ፥ በ328 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስነት ለተሾመው ለቅዱስ አትናቴዎስ ነገሩን አስረዳው፤ ለእነዚያ ምእመናን ጳጳስ እንዲልክላቸውም ለመነው። አትናቴዎስም ከእርሱ የተሻለ ሰው አላገኘምና ራሱን ፍሬምናጦስን ሾሞ መለሰው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱ ነው።

ወደ ንጉሡ እንመለስ። ኢዛና ከማመኑ በፊት ካስቀረጻቸው ድንጋዮች ሁለቱን ማንሣት ይበቃል። የመጀመሪያው ጸራኔ በተባሉት ሰዎች ላይ የተደረገውን ዘመቻ ይነግራል። የጦሩ ምክንያት እነዚህ ሰዎች የነጋዴ ቅፍለት አጥፍተው ስለ ነበር ነው። ከላይ የተባለውን ላስታወሰ ሰው ይህ አያስደንቅም፤ በገበያ የቆመ መንግሥት መንገዱ ከተቈረጠ ይሞታል። ድንጋዩ የተገደሉትን 503 ወንዶችና 202 ሴቶች ብሎ ይቈጥራል፤ የተማረኩትን 205 ሰዎች፥ የተነዳውንም ከብት 31,957 አድርጎ ይጽፋል። በመጨረሻም ንጉሡ ወለደኝ ለሚለው ለጦር ጣዖት ለማሕረም 100 በሬና 50 ምርኮኞች መስጠቱን ይናገራል። ይህን ሃምሳ ቍጥር አንባቢ በልቡ ይያዘው።

ሁለተኛው በጽርእ፥ በሳባ ፊደልና በግእዝ የተቀረጸው ነው፤ የዚሁ ጽሑፍ ሁለተኛ ቅጂ በ1981 ዓ.ም. በአክሱም አጠገብ በገበሬዎች ተገኝቷል። ቤጃዎች በዐመፁ ጊዜ ኢዛና ወንድሞቹን ሳይዛናንና ሐደፋን ሰደደባቸው። ወንድማማቾቹም ስድስት የቤጃ ነገሥታትን ከነሕዝባቸው፥ 4,400 ሰዎች፥ ከነከብታቸው አስገብረው አመጡ። ንጉሡም አልገደላቸውም፤ አልብሶና አብልቶ በሌላ የግዛቱ ክፍል አሰፈራቸው እንጂ። በአራት ወር ጕዞ ውስጥ በየቀኑ 22,000 እንጐቻ ከሥጋና ከጠላ ጋራ ይሰጣቸው እንደ ነበር ተጽፏል፤ ይህም ለአንድ ሰው አምስት አምስት መሆኑ ነው። ለድግስ የሚጋግሩ እናቶቻችን ለዚህ ያህል ሕዝብ ስንት ምጣድ እንደሚጣድና ስንት ጎተራ እንደሚራገፍ ሊነግሩን ይችላሉ። ለስድስቱም ነገሥታት በጠቅላላው 25,140 ከብት ተሰጣቸው። ስለ ምስጋናም ለማሕረም አንድ የወርቅ፥ አንድ የብርና ሦስት የናስ ምስል አቆመ። ስለ ሆነም ምሕረት የሚባለው ነገር በንጉሡ ዘንድ ከጥምቀት በፊትም ፈጽሞ ያልታወቀ አልነበረም፤ ይህንን መደበቅ ተገቢ አይመስለኝም።

ከዚህ በኋላ ለውጡ የሚታየው በገንዘቡ ላይ ነው። የኢዛና የመጀመሪያዎቹ ገንዘቦች እንደ አባቶቹ ፀሐይና ጨረቃ አሉባቸው፤ የኋለኞቹ ላይ ግን ያ ምልክት ጠፍቶ መስቀል ገብቷል። ሮም ራስዋ በዚህ ጊዜ በገንዘብዋ ላይ መስቀልን ገና አላዘወተረችም። ገንዘብ ንጉሡን አይተውት በማያውቁት እጅ ሁሉ የሚገባ ነገር ነው፤ በአዱሊስ መርከበኛው፥ በየመንም ነጋዴው ይዞታል። ንጉሡ ሃይማኖቱን የገለጸው በቤተ መንግሥቱ ጓዳ ሳይሆን በዚህ ነው። ነገር ግን ይህ ማለት ሕዝቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ አመነ ማለት አይደለም፤ በየገጠሩ ትምህርቱ የሰፋው ከመቶ ዓመት የበለጠ ጊዜ ቈይቶ በመጡት መነኮሳት ዘመን ነው።

ለእኛ ለመጽሐፍ ሰዎች ደግሞ ሌላ ትልቅ ነገር አለ። የጥንቱ ግእዝ እንደ ሳባና እንደ ዕብራይስጥ ጽሕፈት ድምፅ ሰጪ ምልክት አልነበረውም። ብ ከተጻፈ፥ በ ይሁን ቡ፥ ቢ ይሁን ባ፥ አንባቢው ከነገሩ መረዳት ነበረበት። የቤጃው ድንጋይ የተጻፈው እንዲህ ነው። በኢዛና ዘመን በተቀረጹት በሌሎቹ ድንጋዮች ላይ ግን ግእዝ፥ ካዕብ፥ ሣልስ እያልን እስከ ሳብዕ የምንቈጥራቸው ሰባቱ ሆሄያት ተለይተው ወጥተዋል። የጸራኔው ድንጋይ ገና የጣዖት ሲሆን ይህ ምልክት አለበትና፥ ሥራው የተጀመረው ከጥምቀቱ በፊት መሆኑን እናያለን። ነገር ግን ይህ ባይሆን ኖሮ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ግእዝ የመለሱት አባቶች በምን ይጽፉት ነበር? ዛሬ በየደብሩ ፊደል የሚቈጥር ሕፃን ከኢዛና ጠራቢዎች እጅ የተቀበለውን ይዟል።

እንግዲህ በመጀመሪያ ወደ ተነሣው ጥያቄ እንምጣ። ካመነ በኋላ ያስቀረጸው ታላቁ የግእዝ ድንጋይ የሚጀምረው በማሕረም ሳይሆን በሰማይ ጌታ ኀይል ነው። የሚነግረው ግን ዘመቻ ነው። ኖባዎች ተከዜን አይሻገርም ብለው ተኩራርተው ነበር፤ ጐረቤቶቻቸውን አስጨነቁ፤ መሐላቸውን ደጋግመው አፈረሱ፤ የንጉሡን መልእክተኞች ገፈፏቸው። ንጉሡ በተከዜ መሻገሪያ ወግቶ ድል አደረጋቸው፤ 23 ቀንም አሳደዳቸው። የግንብና የሣር ቤት ከተሞቻቸውን አቃጠለ፤ እህላቸውንና ጥጣቸውን አጠፋ፤ በቤተ ጣዖት የነበሩትን ምስሎች ሰባበረ። ከዚያም አልፎ ካሱ ወደምትባለው አገር ደረሰ፤ ይህች ጥንት የመርዌ መንግሥት የነበረባት ናት። የሞቱት 602 ወንዶችና 156 ሴቶችና ልጆች ናቸው፤ የተማረኩት 629፥ የተነዳው ላም 10,560፥ በግ 51,050 ነው። ሠራዊቱንም በዐባይ ሽቅብና ቍልቍል ከላከ በኋላ በሁለቱ ወንዞች መገናኛ ያን መንበር ተከለ።

156 ሴቶችና ልጆች። ይህን ቍጥር አንብቦ የማያዝን ካህን ያለ አይመስለኝም። የጻፈውም ጠላት አይደለም፤ ንጉሡ ራሱ ነው፤ የጻፈውም በሰማይ ጌታ ስም ነው። ስለዚህ የተማሪዎቹ ጥያቄ ይህን መልስ ያገኛል፦ መዝመቱን አልተወም። አንዳንዶች ለቅዱስ ንጉሥ ክብር ብለው ይህን ድንጋይ ዐልፈውት ይሄዳሉ፤ እኔ ግን ንጉሡ ያልደበቀውን እኛ ለምን እንደብቃለን እላለሁ። ደግሞም ዐልፎት የሚሄድ ሰው በዚያው ድንጋይ ላይ ያለውን አዲስ ነገር አያገኘውም። የፊተኛውና የኋለኛው ድንጋይ ጐን ለጐን ሲነበቡ፥ ወለደኝ ይለው የነበረው ማሕረም በኋለኛው የለም፤ ንጉሡ ከእንግዲህ የአምላክ ልጅ ነኝ አይልም፤ መንግሥትን ከሰማይ ጌታ የተቀበለ ሰው ሆኗል። ለመሥዋዕት የሚሰጡትም ሃምሳ ምርኮኞች የሉም። በእነርሱ ፈንታ በፊተኛው ያልነበረ ቃል ገብቷል፤ ሕዝቡን ሳይበድል በጽድቅና በቅን ፍርድ እንደሚገዛ። ይህ ቃል በድንጋይ የተቀረጸ ስለ ሆነ የተበደለ ሰው ቢመጣ እየጠቀሰ ሊሟገትበት ይችላል። የሰናዖር ነገሥታትም ፍትሕ አደርጋለሁ ብለው መጻፋቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ ቃል በአገራችን ቋንቋ፥ በአገራችን ፊደል፥ ከአንዱ አምላክ ስም ጋራ ሲጻፍ እዚህ እናገኘዋለን።

የግእዙ ድንጋይ የሰማይ ጌታ ይላል እንጂ ክርስቶስን በስሙ አይጠራም። ከዚህ የተነሣ የንጉሡን እምነት የሚጠራጠሩ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ግን ስለዚሁ ዘመቻ በጽርእ የተጻፈ ሌላ ድንጋይ አክሱም ውስጥ ተገኘ፤ እርሱ በአብ፥ በወልድና በመንፈስ ቅዱስ ይጀምራል፤ ንጉሡም ራሱን የክርስቶስ አገልጋይ ያደርጋል። ለውጭ አገር ሰዎች በግልጥ፥ ገና ላላመነው ለገዛ ሕዝቡ ደግሞ ሳይከብደው በሚሰማው ቃል የጻፈ ይመስለኛል። እናት ለሕፃን ምግብን አላምጣ እንደምትሰጥ ያለ ነው።

ከዚህ በኋላ ኢዛናን የምናገኘው በአንድ ደብዳቤ ውስጥ ነው። የታላቁ ቈስጠንጢኖስ ልጅ ቈስጠንጢዮስ የአርዮሳውያን ወገን ስለ ነበረ አትናቴዎስን ከመንበሩ አሳደደው፤ በስፍራውም ጊዮርጊስ የተባለውን አርዮሳዊ አስቀመጠ። በ356 ዓ.ም. ገደማም ለኢዛናና ለሳይዛና ጻፈላቸው። ፍሬምናጦስ በአትናቴዎስ እጅ የተሾመ ነውና ሹመቱና ሃይማኖቱ በጊዮርጊስ ዘንድ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ ስደዱት የሚል ትእዛዝ ነው። ልመና ቢመስልም ከሮም ቄሣር ለመጣ ቃል እንቢ ማለት ለአንድ ንጉሥ ቀላል አልነበረም። የአዱሊስ ንግድ ሁሉ የሚወርደው ወደ ሮም ወደቦች ነበርና፥ ቄሣሩ ቢቈጣ ጕዳቱ በግምጃ ቤቱ የሚታይ ነው። በልጅነቱ መንግሥቱን የጠበቀለት ሰው በአንድ ወገን፥ ወርቁና መርከቡ በሌላ ወገን ሆኑበት። አባ ሰላማ በመንበሩ ጸና፤ ቤተ ክርስቲያናችንም የአርዮስን ትምህርት አልተቀበለችም፤ በኒቅያ ሃይማኖት ቈየች። ደብዳቤውን ያተረፈልን አትናቴዎስ ራሱ ነው፤ በግብፅ በረሓ በመነኮሳት መካከል ተሸሽጎ ሳለ ስለ ራሱ መከላከያ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ ገልብጦ አስገብቶታል።

ከኢዛና ዘመን በኋላ የነገሥታቱ መቃብር ልማድ ተለወጠ፤ እንደ ቀድሞው ያሉ ታላላቅ ሐውልቶች መቆማቸው ቀረ። በመርዌ ፍርስራሽ ውስጥ የአክሱም ንጉሥ በጽርእ ያስጻፈው የድንጋይ ስባሪ ተገኝቷል። ቤተ ክርስቲያን የሁለቱን ወንድማማች ነገሥታት መታሰቢያ ጥቅምት 4 ቀን፥ የአባ ሰላማን ደግሞ ሐምሌ 26 ቀን ታደርጋለች፤ ይኸውም ዐባይ ከግሽ ጀምሮ በሚሞላበት ወራት ነው።